ያልተመለሰው አቤት

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ያ ጠዋት ጠዋት የሚይዝህ ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ እንዴት ናት? ወይዘሪት ለምንስ፣ ያቺ ጥያቄዋ የማያልቅ ልጅህ፣ አሁንም መምህሮቿን መውጫ መግቢያ ታሳጣለች? የእማዬን እግር ብርዱ እንዴት አደረገው? ከዘራዋን ትይዛለች ወይስ እንደ ልማዷ በር ሥር ረስታው ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ትሄዳለች? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው ደብዳቤ ያለዚያ ስለማይጀመር ነው፤ ደህና መሆን አለመሆኔን አንብበህ ስትጨርስ አንተው ትፈርዳለህ።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስፈለገ እንደምትል አውቃለሁ። ሰው ሁሉ በድምፅ መልእክት በሚነጋገርበት ዘመን ፖስታ ቤት ተሰልፌ ቴምብር የምለጥፈው አብጄ አይደለም። ድምፄ እጅህ እንዳይገባ ብዬ ነው። ሰፈሩ በቀቀን ብሎ ያወጣልህ ስም በከንቱ አልነበረም፤ የሬዲዮ ዜና አንባቢውን፣ የትምህርት ቤቱን ዳይሬክተር፣ የልብስ ሰፊዋን ጎረቤታችንን ሳል ሳይቀር እያስመሰልክ ሰውን በሳቅ ታፈርስ ነበር። ወረቀት ግን ድምፅ የለውም። እንደተጻፈ ታነበዋለህ እንጂ ሌላ ምርጫ የለህም።

እንግዲህ ወሬዬ ይኸውልህ። ፊልሜ ፌስቲቫል ላይ ታየ። ባለፈው በስልክ ስነግርህ፣ ፌስቲቫል ስትዪኝ ጭፈራ መስሎኝ፣ ደግሞ ሰው አገር ድረስ ሄደሽ ሰው ልታስፈራሪ ነው እንዴ፣ ለማስፈራራትማ መልክሽ ይበቃ ነበር ብለህ ሳቅክ። እኔም አብሬህ ሳቅኩ። አንተ ስትስቅ አብሮ መሳቅ ከልጅነቴ የተጣባኝ በሽታ ነው። አሁን ሳልስቅ ላስረዳህ። እዚህ እንደ እኔ ኩባንያም አጎትም የሌለው፣ አስፈሪ ፊልም እየጻፈ መሳቢያ ውስጥ የሚቆልፍ ሰው ሞልቷል። ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች አያስገቡትም። ቁም ነገር ያለው ፊልም እንሠራለን የሚሉትም አስፈሪ ፊልም ጻፍኩ ሲላቸው እንደ ባለጌ ቀልድ ፊታቸውን ያዞራሉ። ለእንዲህ ያለው ሰው ፌስቲቫል ማለት ሳይቆለፍ ያደረ የጓሮ በር ነው። ገብተህ ወንበር ታገኛለህ፣ ፊልምህን የሚያይ ሰው ታገኛለህ፣ እንደ አንተው ያበዱ ታገኛለህ።

ቦታው ከጎማ መሸጫው አጠገብ ያለ ያረጀ ሲኒማ ቤት ነው፤ የወንበሩ ሽቦ ቂጥ ይወጋል። አዘጋጆቹ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ናቸው። በር ላይ ስሜን ጠይቀው አንገቴ ላይ ካርድ አንጠለጠሉልኝ፤ ከስሜ ሥር ጸሐፊ ይላል። እዚህ ከመጣሁ ከስሜ ሥር ተጽፎ ያየሁት ሌላ ነገር ቢኖር ልብስ ማጠቢያ ክፍል የሚል ነው። መጸዳጃ ቤት ገብቼ በመስታወት ደጋግሜ አየሁት። ከእኔ ቀጥሎ የተሰለፈው የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ማታ ማታ በኩሽናው ሽሮፕ እያፈላ የፊልም ደም ይሠራል። የትኛው ቀለም እንደማይለቅ ሲያስረዳኝ፣ እኔም የትኛው በምን እንደሚለቅ ነገርኩት። እንዲያ ያለ ጨዋታ ከተጫወትኩ ዘመን የለውም።

ፊልሙን የሠራሁት በምሠራበት ሆቴል ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነው። የሥራ ባልደረባዬን ጥርሶን በስም ታውቀዋለህ። ትልቅ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም፤ እሱ ሁለቱን ጫፍ፣ እኔ ሁለቱን ጫፍ ይዘን እየተቀራረብን እየተራራቅን ስንውል ነው ታሪኩን የነገርኩት። ካሜራውን ከዘመዱ ተዋሰልኝ፤ ሴት ልጁ ደግሞ ዋናዋን ልጅ ሆና ተጫወተች። ታሪኩ አጭር ነው። አንዲት ልጅ በተሰቀሉ አንሶላዎች መሃል ስትጫወት የእናቷ ድምፅ ይጠራታል። አቤት ብላ ሮጣ ትሄዳለች፤ ማንም የለም። ደግሞ ይጠራታል፤ አቤት ትላለች፤ አሁንም ማንም የለም። ሦስተኛ ሲጠራት ትስቅና ዝም ትላለች። ከዚያ ወዲያ የሚጠራት የለም። አለቀ።

ፌስቲቫሉ ከትርኢቱ በፊት እያንዳንዱን ጸሐፊ የፊልሙን ጽሑፍ አንብቦ ከሚመክር ስክሪፕት አንባቢ ጋር ያገናኛል። ለእኔ የደረሱኝ ፖም እየገመጡ የሚያነቡ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሴትዮ ናቸው። እንፋሎቱን፣ ጥላውን፣ የሚርገበገበውን አምፖል ሁሉ፣ ፊልሙ ተቀርጾ ቢያልቅም፣ ከጽሑፉ ላይ በእርሳስ ሰረዙብኝ። ከዚያ ይህችን ልጅ የሚጠራት ማን ነው አሉኝ። መንፈስ ነው አልኳቸው። የለም፣ አንቺ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ለእኔ ግን ደብቀሽኛል፤ ጸሐፊዋ የደበቀችው ነገር ተመልካቹን ግራ ያጋባዋል እንጂ አያስፈራውም አሉኝ። ተናደድኩ። ከጠሪው ምን አላቸው ብዬ እያጉረመረምኩ ወጣሁ።

ሌላም ውርደት ነበረ። ከፊልሙ ሥር የሚነበበውን ትርጉም የሠራልኝ የአገራችን ልጅ፣ ታክሲ ነጂ ነው፤ ቃል በጣም ያውቃል ተብሎ ነበር። ሲያውቅ አበዛው። አቤት የሚለውን አቤቱታ አለኝ ብሎ ተረጎመው። በሙከራው ሰዓት እናት ድንቡሼ ብላ ስትጠራ ልጅ ከአንሶላው ኋላ አቤቱታ አለኝ ስትል፣ ቧንቧ ሠራተኛው ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። የፊልም ማሳያ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ሰውዬ ግን አልሳቁም። ይህችን ቃል ሳትተረጎም ተዪያት፣ ሰው ራሱ ይማራታል ብለው ከየቦታዋ አጠፉልኝ።

ፊልሜ የታየው ከምሳ በኋላ፣ ሰው በሚያንቀላፋበት ሰዓት ነበር። ያልታወቀ ሰው የሚደርሰው ይኸው ነው። የመጀመሪያው ጥሪ መጣ፤ ልጅቷ አቤት አለች። ሁለተኛው መጣ፤ አቤት አለች። አዳራሹ ቃሏን ተምሯታል፣ ጋሼ። ሦስተኛው ጥሪ ሲመጣ ሁሉም አቤትን ሲጠብቅ ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር። ልጅቷ ሳቀች፤ ዝም አለች። ዝምታው ረዘመ። ይኼኔ ከፊት ወንበር አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ በተሰባበረ አነጋገር ጮክ ብለው አቤት አሉ። ማንም አልሳቀባቸውም። እኔ ሻርፔን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ።

መብራቱ ሲበራ መድረክ አውጥተው ያስጠይቁሃል። አንዷ ተመልካች፣ እናት ሆና የጠራችው ተዋናይ እንዴት ጎበዝ ናት፣ ማን ናት አለችኝ። እኔም ምንም ሳላስብ ወንድሜ ነው አልኩ። ልጅ ሳለን እናታችንን እያስመሰለ ያታልለኝ ነበር፤ እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ክረምት ለቀልድ በስልክ ልኮልኝ ነው ያገኘሁት አልኩ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። በፊልሙ ጊዜ እንኳ እንዲያ አልፈሩም። ስክሪፕት አንባቢዋ ከኋላ ተነሡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ እናትሽ ያውቃሉ? አሉኝ። ማይክራፎኑን አስቀምጬ ከመድረኩ ወረድኩ።

ያንን መልእክት ስትልክልኝ ምን እንደላክህ አላወቅህም። እኔም አላወቅሁም ነበር። ናፍቆት አንጀቴን እየበላኝ ስለነበር ስቄ አልቅሼ አስቀመጥኩት። የላክህልኝ ግን ክደኸኝ የኖርከውን ነገር ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ረስተኸውም ከሆነ ላስታውስህ። እማዬ በሌለች ጊዜ ጓሮ ሆነህ በእሷ ድምፅ ድንቡሼ፣ ድንቡሼዬ ትለኛለህ። አቤት እማዬ ብዬ ስወጣ ባልዲ ውሃ ትደፋብኛለህ፣ ወይም ከውስጥ ቆልፈህብኝ ትስቃለህ። ሌላውን ሰው ሁሉ በአደባባይ ታስመስላለህ፤ እማዬን ግን እሷ ባለችበት አስመስለህ አታውቅም፣ ቁንጥጫዋን ትፈራለሃ። እኔም እያደር ለዚያ ድምፅ አለመመለስን ለመድኩ። ያን ቀን እማዬ ገበያ የሄደች መስሎኝ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ለካ ተመልሳ ኖሯል። ዝናብ ሲመጣ የተሰጣውን ልብስ ልታስገባ ወጥታ የሲሚንቶው ደረጃ ላይ ተንሸራተተች። ድንቡሼ ብላ ጠራችኝ። ዛሬስ አያታልለኝም ብዬ ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ደግማ ጠራችኝ፤ ደግሜ ሳቅኩ። ልብስ ሰፊዋ ናቸው ሰምተው መጥተው ያነሷት።

በቀቀን መስሎኝ ነው ብዬ ስንሰቀሰቅ እማዬ ወደ አንተ ዞራ ጠየቀችህ። አንተም ዓይንህን በጨው አጥበህ፣ እኔ? የእማዬን ድምፅ? መቼ አስመስዬ አውቃለሁ? ብለህ ሽምጥጥ አድርገህ ካድክ። ልጅ ነበርክ፣ ፈርተህ ነው። ይሁን። አድገህስ? ሚስት አግብተህስ? ልጅ ወልደህስ? እኔ የእናቷን ጥሪ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ፣ በዚያ ላይ ወንድሟን የወነጀለች ተብዬ ሳድግ፣ አንተ እኔን ራሴን እያስመሰልክ እንግዳ ታስቅብኝ ነበር። እማዬ አልመታችኝም፣ አልተቆጣችኝም። አንድ ቀን በግድግዳው ማዶ ለልብስ ሰፊዋ፣ ሰምታኛለች እኮ፣ ስትስቅ ሰምቻታለሁ ስትላቸው ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ጠርታኝ አታውቅም። ስትፈልገኝ ያቺን ልጅ ጥሩልኝ ትላለች። ዛሬም በስልክ እንደምን ነሽ ትለኛለች፣ ብርዱን ትጠይቀኛለች፤ ስሜን ግን አትጠራም። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ። ከዚያ ወዲህ ድንቡሼ ብሎ የጠራኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ፣ በእሷ ድምፅ።

ሽልማት አላገኘሁም፤ እንዳትጠይቀኝ። ጥቁር ኮት የለበሰ ፕሮዲዩሰር ግን ቀርቦ ታሪኩን እንደወደደው፣ ነገር ግን ከአንሶላው ኋላ ጭራቅ ቢወጣ እንደሚሻል ነገረኝ። በእኛ ቤት በቀቀን እንጂ ጭራቅ አልነበረም አልኩት፤ አልገባውም፣ ካርዱን ሰጥቶኝ ሄደ። ለሌሎች ከተሞች ፌስቲቫል ፊልም የሚመርጡ ሁለት ሴቶች ግን ወሰዱት። በመጪው ወር ደግሞ በኢንተርኔት ለሁሉም ይለቀቃል። አጃቢ የሌለው ሰው ሥራ እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚሄደው። ለአንድ አስፈሪ ፊልም ጸሐፊ ከዚህ የሚበልጥ ዕድል የለም ይላሉ፤ እኔም ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጥርሶ ደስ ብሎት የአንሶላውን ጫፍ ለቆ አጨበጨበልኝ።

አሁን ነገሩ ገብቶሃል። ወይዘሪት ለምን ስልኳን ከፍታ የአክስቴ ፊልም ብላ ከአያቷ ጎን ትቀመጣለች። ድንቡሼ የሚለው ድምፅ ይወጣል። እማዬ የራሷን ድምፅ ትሰማለች፤ እሷ ያልተናገረችውን። ያቺ ልጅም ለምን ማለት ትጀምራለች። ከዚያ በፊት አንተ ንገራት። ድምፁን እኔ ራሴ ለእማዬ ልኬ አንተን ማጋለጥ አያቅተኝም፤ ግን የምፈልገው ማስረጃ አይደለም። አንተ ራስህ እንድትላት ነው። ታክሲ ነጂው ለካ አልተሳሳተም። አቤት ያልኩት ለአቤቱታ ነው፣ የምለውም ላንተ ነው።

በል እንግዲህ፣ ለባለቤትህ ሰላም በልልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ በልኬ ነው፣ ድንቡሼነቱ ከእኔ ላይ ካለቀ ቆይቷልና እንዴት እንደገመተችው ይገርመኛል። ወይዘሪት ለምንን ጉንጯን ሳምልኝ፤ መጠየቋን እንዳትተው በልልኝ። ልብስ ሰፊዋን ለእኔ ብለህ በሁለት እጅህ ጨብጣቸው፤ ያን ቀን ሰምተው የደረሱላት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ለእማዬ ግን ሰላምታዬን አታድርስልኝ። አጠገቧ ተቀመጥ፣ በራስህ ድምፅ የሆነውን ንገራት፣ ከዚያ ለእኔ ደውለህ ስልኩን ስጣትና ከክፍሉ ውጣ። ከጠራችኝ አቤት እላለሁ። ካልጠራችኝም አንተ በእሷ ፈንታ እንዳትጠራኝ።

እህትህ

ከልብስ ማጠቢያው በላይ ካለችው ክፍሌ፣
ማክሰኞ፣ ግንቦት 12