ሰጋቱራ ከመስኮቱ ሥር

ኤፕሪል 26፣ እሑድ

ደክሞኛል። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቢሮ ሳጸዳ ከርሜ እሑድ ደግሞ የራሴን ቤት። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኩሽናውን ስጠርግ ከመስኮቱ ሥር ሰጋቱራ አገኘሁ። ትንሽ ነው፣ እፍኝ አይሞላም። ከየት መጣ? ጥሩነህ እንደሆነ አምፖል ለመቀየር እንኳ ሦስት ቀን የሚያስብ ባል ነው፤ ምን ቆርጦ? ጠርጌ ጣልኩት።

አባባ ከአጋሮ ደወሉ። እንደ ሁልጊዜው... "በርጩማዬ ደህና ነው? ማን ይቀመጥበታል?" ልጄ ናታሊ ናት፣ ስታጠና ከሱ ላይ አትነሳም አልኳቸው። ደስ አላቸው። አምና ሰው ይዞልኝ የመጣው ነው። ከአንድ የዋንዛ ግንድ ፈልፍለው የሠሩት። ከዚያ ወዲህ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ መሣሪያ አልያዙም። የመጨረሻ ሥራቸው ነው።

ኤፕሪል 29፣ ረቡዕ

ሰጋቱራው ተመልሶ መጣ። እዚያው ቦታ።

ሜይ 2፣ ቅዳሜ

ጉድ ፈላ! ጠዋት ኩሽና ስገባ መስኮቱ በባለ ክንፍ ነገር ጠቁሯል። እንደ አሸን... ምን እንደ አሸን፣ አሸን ራሱ! አጋሮ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ከመሬት የሚፈላው። ባለ ክንፉ ምስጥ።

ምስጥ ኦስሎ ውስጥ ምን ይሠራል? ዞር ስል በርጩማው እዚያው መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሏል። በዚህ ቤት ከሀገር የመጣ እንጨት እሱ ብቻ ነው። ወይኔ!

ናታሊ ስልኳ ላይ ፈልጋ፣ "ማማ፣ ናይ፣ አይደለም! ኖርዌይ ውስጥ ምስጥ የሚባል የለም" አለችኝ።

"እኛ እስክናመጣው ነዋ!" ጮህኩባት። ምን አጠፋች ልጅቷ?

ግን እንዴት አልጮህ? ሮመን ሰፈር ውስጥ ስንት ዓመት ፎቅ ላይ ኖረን ነው ይቺን ቤት ያገኘናት። የእንጨት ቤት፣ ከጎረቤታችን ከበሪት ጋር ግድግዳ የምትጋራ። ነገ በሪት ጋ ቢገባስ? "ሐበሾቹ ከሀገራቸው ተባይ ይዘው መጡ" ቢሉንስ? የቤቶቹ ኮሚቴ፣ ስቲረቱ፣ ቢሰማ... በየት በኩል ቀና ብዬ እሄዳለሁ?

ሜይ 4፣ ሰኞ

ጥሩነህ፣ "ከፍተን እንየው" ብሎ ከሥራ ቦታው መጋዝ ተውሶ መጣ። በርጩማውን መሐል ለመሐል ለሁለት ቆረጠው። እንጨቱ ጠጣር ነው፣ አላበው። ውስጡ ንጹሕ። አንዲት ቀዳዳ የለውም። ሽታው... የአባባ የእንጨት ሥራ ቤት ሽታ።

"እንቁላሉ በዓይን ላይታይ ይችላል" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት።

"አንቺ ታውቂያለሽ፣ የአናጢ ልጅ" አለ።

ሜይ 6፣ ረቡዕ

ዛሬ ዱግናድ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ግቢውን የሚያጸዳበት፣ አሮጌ ዕቃውን ኮንቴይነር ውስጥ የሚጥልበት ቀን። በርጩማውን በጥቁር ፌስታል ጠቅልለን ይዘን ወጣን። በሪት ቋሊማ እየጠበሰች አየችኝ።

"ከባድ ነው? ላግዝሽ?"

"ናይ፣ ናይ፣ አሮጌ ልብስ ነው።"

ወረወርነው። ሲወድቅ ጓ አለ። ልብስ ጓ ይላል? በሪት ቋሊማ ሰጠችኝ፣ "ላንቺ ብዬ የዶሮ ገዛሁ" አለችኝ። አሳማ እንደማንበላ አስባልኝ።

ሜይ 9፣ ቅዳሜ

ሰጋቱራው ዛሬም አለ። በርጩማው ግን የለም።

ሜይ 10፣ እሑድ

አባባ ደወሉ። አላነሳሁም። ሁለቴ ደወሉ።

ሜይ 12፣ ማክሰኞ

ጥሩነህ ከሚሠራበት የአውቶቡስ ጋራዥ የተቃጠለ ዘይት አመጣ። ሀገር ቤት ምስጥ እንዳይደርስበት ምሰሶ የሚቀባው። እኔም ብሩሽ ይዤ መስኮቱን ዙሪያውን ቀባሁት። ነጩ ፍሬም የከሰል ከረጢት መሰለ። ቤቱ ጋራዥ ጋራዥ ይሸታል። ናታሊ "አሁንስ ለየላችሁ!" ብላ ጓደኛዋ ጋ ሄደች። እውነቷን ነው።

ሜይ 13፣ ረቡዕ

በሪት አንኳኳች። በግድግዳው በኩል ሽታ ገባብኝ፣ ናፍታ ፈሰሰ እንዴ? አለች። ምን ልበላት? ደግሞ ልዋሽ? ደከመኝ። "ግቢ" አልኳት።

አንዱ ባለ ክንፍ መስኮቱ ላይ ይሄድ ነበር። ጎንበስ ብላ አየችውና፣ "ስቶክማውር! እናንተም ጋ ገቡ?" አለች።

እናንተም?

ተቀመጠች። ፊቷ ቀላ። ካለፈው በጋ ጀምሮ እሷ ጋ አሉ። በግድግዳው ውስጥ ሲንኮሻኮሹ ትሰማለች። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። "ቤቷን መያዝ አቃታት እንዳይሉኝ" አለች... በሪት! እኔ ወዲህ ስደብቅ እሷ ወዲያ ስትደብቅ፣ መሐላችን ያለው አንድ ግድግዳ። ሳቄ መጣ፤ ሳቅኩ ስል አለቀስኩ። ፌስታሉ ውስጥ የነበረው ልብስ እንዳልሆነ ነገርኳት። እጄን ያዘችኝ።

ሜይ 15፣ ዓርብ

ከበሪት ጋር ሆነን ለስቲረቱ ነገርን፤ የተባይ ባለሙያ ላከልን። አንዱን ባለ ክንፍ ይዞ በማጉያ መነጽር አሳየኝ። "ወገቡን እይው።" ቀጭን ነው፣ በክር የታሰረ ይመስላል። ምስጥ እንዲህ ያለ ወገብ የለውም። የፊት ክንፉም ከኋላው ይረዝማል፤ የምስጥ አራቱም እኩል ነው። ጉንዳን ነው። የዚሁ ሀገር ጉንዳን፣ በሪት ስቶክማውር ያለችው። እንጨት አይበላም፤ የረጠበ እንጨት ቦርቡሮ ይኖርበታል። ሰጋቱራው የቦረቦረው ነው።

ከመስኮቱ ሥር ያለውን ሳንቃ ከውጭ ነቀለው። ዝናብ እየገባበት በስብሶ፣ በጣት ሲነኩት ይፈርሳል። ማር የመሰለ መርዝ ጠብ ጠብ አደረገላቸው፤ ራሳቸው ወደ ጎጇቸው ይወስዱታል። ፍሊት እንዳትነፉ፣ ይበተናሉ አለን። የተቃጠለውን ዘይት አየና አፍንጫውን ያዘ። ጥሩነህ መሬት መሬቱን አየ።

በርጩማው ምንም አላደረገም። ምንም።

ሜይ 17፣ እሑድ

ውጭ ባንዲራና የማርሽ ባንድ። ሀገሩ ሁሉ ብሔራዊ በዓሉ ላይ ነው። በሩን ዘግቼ አባባ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

አባባ ሳቁ። እስኪያስላቸው ሳቁ። "ዋንዛን? ምስጥ ዋንዛን ይበላል? ልጄ፣ ይህን አጋሮ ሰው እንዳይሰማብኝ!" ደግሞ፣ "ምስጥ መቼ ሰጋቱራ ሲጥል አየሽ? አፈር ነው የሚያለብሰው፣ አፈር!"

አውቅ ነበር እኮ። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። የቤታችን አጥር ላይ በጭቃ መንገዱ ሲወጣ እያየሁ ነው ያደግኩት። እንዴት ጠፋኝ? ፍርሃት ነው። ከኛ የመጣ ነገር ሁሉ ጥፋተኛ መሰለኝ።

"ግማሹን እንኳ አስቀርቼ ቢሆን፣ አባባ..."

"ከአንድ ግንድ የወጣ አይቀጠልም። ተይው፤ ዕቃ ነው።"

ዕቃ ነው አሉኝ።

ሜይ 31፣ እሑድ

ሳንቃው ተቀየረ። ነጭ አዲስ ጥድ ነው። የበሪትም ተቀየረ። አሁን ስትመጣ አታንኳኳም፣ "እኔ ነኝ" ብላ ትገባለች። ጉንዳን የለም። ሰጋቱራ የለም። ከልማድ የተነሳ በየቀኑ እዚያች ቦታ እጠርጋለሁ።

ናታሊ መስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጣ ታጠናለች። ወንበር አምጪ ብላት "ናይ" አለች።

አባባ ደወሉ። ስለ ጥሩነህ ጠየቁ። ስለ ናታሊ ፈተና፣ ስለ ወገቤ፣ ስለ በሪት፣ ስለ ጉንዳኖቹ ሳይቀር ጠየቁ። ስቀን ተጫወትን። እኔ ግን እየጠበቅኩ ነበር። አሁን ይጠይቁኛል፣ አሁን...

"በይ ደህና ሁኚ" ብለው ዘጉት።

ስለ በርጩማው አልጠየቁኝም።