ለእህቴ ልጅ ተመልሶ ስለተሰጣት ቅላጼ

ለተከበሩ የትወና ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ እየጠየቅሁ፣ ፈጣሪ ጉሮሮዎን ከብርድ፣ ወንበርዎንም ከመነቃነቅ እንዲጠብቅልዎ እመኛለሁ። እኔ በዚህ የጋዜጣ ዓምድ የሰው ጉዳይ እየፈተፈትኩ የምኖር ሴት ነኝ፤ ዛሬ ግን የምጽፍልዎ ዘንድሮ ከእርስዎ ዘንድ የምትመረቀው ተማሪ አክስት ሆኜ ነው። ምስጋናዬ ስለበዛ በቁጥር ላስቀምጠው።

፩ኛ፦ ስለ ገለልተኛው ጭምብል አመሰግናለሁ። ተማሪ ሁሉ የራሱን መልክ ትቶ «ማንም» እንዲሆን የሚያጠልቀው ይህ ጭምብል እንደ አጋጣሚ ሆኖ የእርስዎን ጉንጭ ቀለም ይዟል። ጠቆር የምትለው የእኛዋ ስታጠልቀው መምህሯ ራቅ ብሎ አያትና «አንገትሽ ዐይን ይስባል» ብሎ ሻርፕ አስጠመጠማት። ጭምብሉን መቀባት ይቀል ነበር የሚል ሰው ስለ ጥበብ ምን ያውቃል።

፪ኛ፦ የእናቷ ቅላጼ «ለመድረክ አይሆንም» ተብሎ፣ የጠርሙስ ቡሽ በጥርሷ አስነክሰው እያናገሩ ዓመታት አጠቡላት። እንዴት ያለ እጥበት መሰለዎ፤ ዛሬ እህቴ ስትደውል «እባክሽ ልጄን አገናኚኝ» የምትለው ለገዛ ልጇ ነው።

፫ኛ፦ በሩ ላይ ስለተሰቀለው ፖስተርም እጅ እነሣለሁ። «ትምህርት ቤታችን ሁሉን አቃፊ ነው» ከሚለው ጽሑፍ በላይ በፎቶ የምትስቀው የእኛዋ ናት። መድረክ ላይ የጠፋው ቦታ ግድግዳ ላይ ተገኘላት።

፬ኛ፦ ይኼኛው ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ። ለመመረቂያው ተውኔት የቤቱን ታላቅ ልጅ ሆና ልትጫወት ስትዘጋጅ «ቤተሰቡን የሚመስል መልክ ያስፈልጋል» ተብሎ የቤት ሠራተኛዋ ሚና ተሰጣት። ቃሏ «እትዬ፣ ምሳ ቀርቧል» የሚል ብቻ ነው፤ እሱንም በእናቷ ቅላጼ። ቅላጼው ግን ታጥቧል። ስለዚህ ያጠበላት ያው የድምፅ መምህር፣ ቡሹን ከአፏ አውጥቶ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ቅላጼ ያስጠናት ጀመር፤ ሰሞኑንማ «የአገርሽን ሰው አትመስዪም» ብሎ ነጥብ ቀነሰባት።

«እምቢ በይዋ» አልኳት።

«አክስቴ፣ እምቢ ካልኩ አልመረቅም። እሺ ካልኩ ደግሞ ያዩኝ የተውኔት አዘጋጆች ዕድሜ ልኬን ምሳ ያስቀርቡኛል» አለችኝ።

ይህን ብላ ሻርፗን ጠምጥማ ወጥ ቤቴ ውስጥ ልምምዷን ቀጠለች። ምሳ መቅረቡን በስንት ዓይነት ድምፅ ሰማሁ መሰለዎ፤ አንዱም የእሷ አልነበረም።

ከወጥ ቤቷ ሆና ምሳው እስኪቀርብ የምትጠብቅ፣ ውለታዎን ቆጥራ የማትጨርስ፣ አክባሪዎ
አክስትየው

ማስታወሻ፦ በምረቃው ዕለት እናቷ ከፊት ወንበር ትቀመጣለች። ልጇ በእናቷ ቅላጼ ስትናገር ምን እንዳለች ለእናትየዋ የሚያስረዳ አስተርጓሚ እንዲያዘጋጁልን በትሕትና እለምናለሁ።