በቮልሷ ኪስ ውስጥ የተደበቁት ጌጆች

ጳጉሜን 2፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬም ቮልሷን አስነሳኋት። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ትንሽ ሠራች። ድምጿ ደህና ይመስለኛል። ይመስለኛል ነው ያልኩት። ቮልስ የሚሰማትን አትናገርም። ዳሽቦርዷ ላይ የፍጥነት መቁጠሪያ፣ የቤንዚን ጌጅ፣ አንዲት ቀይ መብራት። አለቀ። ወንድሜ ብሬ ሞተሩ ሲታመም በጆሮው ያውቅ ነበር። እኔ ያ ጆሮ የለኝም። ቀይዋ ደግሞ የምትበራው የዘይቱ ግፊት ከወደቀ በኋላ ነው አሉ። ከወደቀ በኋላ ምን ታደርግልኛለች?

ወንድሜም እንደዚያ ነው ያደረገን። ራሴን ትንሽ አመመኝ ብሎ ተኛ። ትንሽ አለ። ሆስፒታል ስናደርሰው ሐኪሙ ለምን ዘገያችሁ አለን። በቃ፣ ስለዚህ ነገር ዛሬ አልጽፍም።

አባዬ ምሳ ላይ ቁርጡን ተናገረ። ለመስቀል አገር ቤት እንሄዳለን፣ እምድብር ድረስ፣ በቮልሷ። በየዓመቱ የሚወስደን ብሬ ነበር፤ ዘንድሮ አባዬ ራሱ ይነዳል። እማዬ አልሄድም አለች። ጥቁሯን አላወለቀችም፣ ደመራ ማየት አልችልም አለች። አባዬ ግን ዘንድሮ ከቀረን ዘመድ ቤታቸው ተዘጋ ይላል አለ። ስለዚህ እኔና እሱ።

አባዬ መሪ ከያዘ ስንት ዓመቱ ነው? ብሬ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ወዲህ አላየሁትም።

ጳጉሜን 3

በአውቶቡስ እንሂድ አልኩት። ቀና ብሎም አላየኝ። የልጄ መኪና ቆማ ትበስብስ? አለ። እሺ፣ ሜካኒክ አንዴ ይያት አልኩ። አይሆንም። ማንም አይነካትም፣ እሱ እንደተዋት ትሄዳለች። ባለፈው የሬድዮውን ጣቢያ ብቀይር እንኳ ወጥቶ መልሶታል።

ራት አልበላሁም።

ጳጉሜን 5

አየር ጤና ሄጄ መጣሁ። ሙራድ ጋ። የብሬ የልብ ጓደኛ ነው፣ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። ከአንድ ሚኒባስ ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል። ስጠራው መፍቻው ከእጁ ወደቀ። ወጣና ያንተና የብሬ ድምፅ አንድ ነው አለኝ። ሁለታችንም ቶሎ ብለን ስለ ዘይት ማውራት ጀመርን።

መላ አለው አለ። ሁለት ትንንሽ ጌጅ፣ አንዱ የዘይቱን ግፊት፣ አንዱ ሙቀቱን የሚያሳይ። መለዋወጫ ከሚሸጥበት ከሱማሌ ተራ ያመጣልኛል። ጭንቁ የት ይገጠማሉ ነው። ዳሽቦርዱን መብሳት አይታሰብም፣ አባዬ ያብዳል። ሙ. አጠገቡ የቆመች ሌላ ቮልስ ውስጥ ገባና በተሳፋሪው በኩል ያለውን ባለ ክዳን ኪስ ከፈተልኝ። እዚህ ውስጥ። ሲዘጋ ማን ያውቃል? ሽቦው በምንጣፉ ሥር ኋላ ሞተሩ ድረስ ይሄዳል።

“አባትህ ከያዘን ግን አላውቅህም። ‘ይሄ ልጅ ማነው?’ ነው የምላቸው” አለኝ።

ሳቅኩ። ከሳቅኩ በኋላ ደነገጥኩ፤ ከብሬ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

መስከረም 3

ተገጠመ! አባዬ 18 ማዞሪያ ሱቁ ነበር፤ የቧንቧ ዕቃ ነው የሚሸጠው። እማዬ ለቅሶ ሄዳ ነበር። በሩ በተንኳኳ ቁጥር እዘላለሁ።

ሙ. ሶላቱ እንዳያልፈው ሊሰግድ ሲሄድ ግፊት የምትለካዋን ዕቃ ሰጠኝ፣ ሞተሩ ላይ አንተ እሰራት ብሎ። የምትጠብቅበት የብሎን ክሯ ባዶ ነው። ምንም አልተጠመጠመባትም። እኔ ደግሞ የማን ልጅ ነኝ? እኛ ቤት ክር ባዶውን አይታሰርም። ነጩን የቧንቧ ቴፕ አምጥቼ ጥቅጥቅ አድርጌ ጠመጠምኩና አሰርኳት። ጠብታ አይወጣም። ኮራሁ። ሙ. ተመልሶ ሽቦውን አገናኘና አባዬ ሳይመጣ ተፈተለከ።

መስከረም 4፣ ጠዋት

አባዬ እንደወጣ አስነሳሁ። የግፊቱ ቀስት በአንዴ ተስፈንጥሮ መጨረሻው ላይ ተለጠፈ። አልወርድ አለ። አጠፋሁ።

ሞተሩ ውስጥ የሆነ ነገር ተዘግቷል? ሊፈነዳ ነው? ወይስ እኔ ነኝ ያበላሸሁት? ሙራድ ስልኩ ዝግ ነው። ጋራዡ ስሄድ ለእህቱ ሠርግ ቡታጅራ ወርዷል አሉኝ።

መስከረም 7

አሁንም ዝግ ነው። ት/ቤት ለምዝገባ ተሰለፍኩ። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይምጣ አሉ። አምና ብሬ ነበር የመጣው፣ ከዘበኛው ጋር ሲቀልድ ነበር። ሰልፉን ትቼ ወጣሁ። ነገ ከእማዬ ጋር።

አባዬ ጎማ አስነፋ። ለዘመድ የሚወሰደውን ቅቤ አዘዘ። እያፏጨ ነው። ብሬ ካረፈ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም። እንዴት ብዬ አትሂድ ልበለው?

መስከረም 9

ሙ. ተመለሰ። እየሮጥኩ ሄጄ ነገርኩት። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ ስትከፍትስ ቀስቱ የት ነው? አለኝ። ያው መጨረሻው ላይ አልኩ። ክሩ ላይ ምን አደረግክ? አለ። ነገርኩት።

ደብተሬ፣ ጋራዡ በሙሉ ሳቀብኝ። ዕቃዋ የኤሌክትሪኩን ኔጌቲቭ የምታገኘው ከሞተሩ ብረት ነው ለካ፣ በክሯ በኩል። እኔ በፕላስቲክ ጠቅልዬ ለያየኋቸው። “ሞተር ነው ባኞ ቤት?” አለኝ ሙራድ እንባው እስኪመጣ እየሳቀ። አንዱ ልጅ ሻወርም ግጠምላት እንጂ አለ።

ከሰዓት መጥቶ ቴፑን ልጦ ጣለው። ቀስቷ ዜሮ ላይ ተኛች፣ ሞተሩ ሲነሳ ቀስ ብላ ወጣች። አሁን ትናገራለች። ዛሬ እንቅልፍ እተኛለሁ።

መስከረም 11

አልተኛም።

አባዬ ለሙከራ እስከ ጦር ኃይሎች ወሰደኝ። እኔ ጋቢና ነኝ። ትንሽ በሄድን ቁጥር ኪሱን ገርበብ አድርጌ አያለሁ። ምን ፍለጋ ነው፣ ማስቲካ አለ? አለኝ። አለ አልኩ። ስጠኝ አለ። አልቋል አልኩ። ሁለቱም ቀስቶች ልክ ናቸው፣ ዳገቱ ላይ እንኳ። ደስ አለኝ።

ስንመለስ 18 ማዞሪያ ላይ ፊታችን ያለው ሚኒባስ ሰው ሊያወርድ ቆመ። አባዬ ፍሬኑ ላይ የደረሰው ዘግይቶ ነው። በጣት ስፋት ተረፍን። ረዳቱ ብቅ ብሎ “ፋዘር! ይቺን ሙዚየም ወደ ቤቷ!” እያለ ጮኸ። ሰው ሳቀ። አባዬም ፈገግ አለ።

እኔ እግሩን አየሁት። አይደርስም። ወንበሩ ወደ ኋላ የተገፋው በብሬ ቁመት ነው፤ ብሬ ደግሞ ሁላችንንም በራስ ይበልጥ ነበር። አባዬ ከጀርባው ትራስ ሸጉጦ ጫፍ ላይ ተቀምጦ በጣቶቹ ነው የሚረግጠው። ወንበሩን አልሳበውም። እሱ እንደተዋት ትሄዳለች ብሎ የለ?

እኔ ቀስት ላይ አፍጥጬ እሱን አላየሁትም። እንደዚህ ሆኖ ወልቂጤን አልፎ ሊነዳ?

መስከረም 12

ወንበሩን የሚያንቀሳቅሰው ማንሻ ከሥሩ ነው። አንዴ መሳብ ነው። አባዬ ሱቅ እያለ ሄጄ ያዝኩት። ግን ነገ ሲቀመጥ መሪው ደረቱ ላይ ሲመጣበት ታየኝ። የብሬን ቦታ ሰው እንዳጠፋበት ብቻውን ሲያውቅ። ለቀቅኩት።

ጌጅ ደብቄ ገጠምኩ። ይሄን ደብቄ አላደርግም። ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። አልሰማ ካለ ከጎማው ፊት እቆማለሁ።

መስከረም 13፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል

ነገርኩት። ዕቃ እየጫነ ነበር። አባዬ፣ እግርህ አይደርስም አልኩ። ይደርሳል አለ። አይደርስም። ገመዱን አጠበቀ። እፈራለሁ አልኩት። ሌላ ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር፣ ከአፌ የወጣው ይሄው ብቻ ነው። ከዚያ ኪሱን ከፍቼ ጌጆቹን አሳየሁት፣ በዚያው ይቆጣኝ ብዬ።

አልተቆጣም። ገብቶ የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሁለቱን ጌጆች ብዙ አያቸው። እማዬ በረንዳ ላይ ቆማ ታየናለች።

“የነበረበትን ምልክት አድርግበት” አለኝ።

ወንበሩ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ በሚስማር ጫርኩት። እንዳይጠፋ ደግሜ ጫርኩት። ማንሻውን ራሱ ሳበው። ወንበሩ እየተንቋቋ መጣ። አባዬ ፍሬኑን እስከ ታች ረገጠው፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

አሁን ሞተሩ እየሞቀ ነው። ቶሎ ና ይለኛል። ኪሱን ክፍቱን ተወው፣ አንተ ዘይቱን እይ አለ። እኔንም ደከመህ ወይ እያልክ ጠይቀኝ፣ ከደከመኝ አልደብቅህም አለ።

እጠይቀዋለሁ። እስኪሰለቸው እጠይቀዋለሁ። ሰበታ ላይ፣ ቱሉ ቦሎ ላይ፣ ወሊሶ ላይ፣