ካሜራዬን በአደራ ላስቀመጡልኝ ክቡር ኃላፊ

ቡራዩ፣ ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው እላለሁ። የበርዎ ዘበኛ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ሲለን አሥራ አንድ ቀን ስለሞላው፣ ይህን ያህል መቀመጥ ወገብዎን እንዳይጎዳው ሰፈሩ ሁሉ ተጨንቋል።

የምጽፍልዎ ስለ ካሜራ ምርጫ ነው። የዚህ የጋዜጣ ገጼ ወዳጆች እንደሚያውቁት፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ የማነሳበት ዲጂታል ካሜራ ስፈልግ ከርሜያለሁ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ከድሩ ያገለገሉ ሁለት ካሜራዎች አቀረበልኝና፣ «እትዬ አረጋሽ፣ ቀለም ሲወጣ የሚቀረው ብርሃንና ጥላ ነው፤ ጥላ ውስጥ ያለን ፊት የማይውጠውን ይምረጡ» አለኝ።

ለሙከራ የባጃጅ ሹፌሩን ነገሳን ከፎቶ ቤቱ ደጅ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር አቆምነው። «ጥቁር ፊቴን ደግሞ አጥቁሩት!» እያለ ሲስቅ በሁለቱም አነሳነው። በአንደኛው ፊቱ ከጥላው ጋር አንድ ሆኖ ጠፋ፤ በሁለተኛው የቅንድቡ ጠባሳ ሳይቀር ወጣ። ሁለተኛውን ገዛሁ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፦

፩. በማግስቱ፣ ተማሪዎች ስለ ማስተር ፕላኑ ሰልፍ በወጡበት ቀን፣ ሰዎችዎ ካሜራዬን ከነካርዱ ስለወሰዱልኝ አመሰግናለሁ። ውስጡ የነበሩት ነገሳና የከድሩ ድመት ብቻ ናቸው። «ባለ ቀለሙ እያለ በጥቁርና ነጭ ማንሳት ምን ለመደበቅ ነው?» ብለው የመረመሩኝ ወጣት ሹመት ይገባቸዋል። ደረሰኝ ስጠይቃቸውም «አደራ ነው» ብለው አጽናኑኝ።

፪. በሦስተኛው ቀን ነገሳ ለሥራ ወጥቶ ቀረ። ባጃጁ ቁልፉ እንደተሰካ መንገድ ዳር ተገኘ። ጎረቤቶች ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፕ ላይ ሲጭኑት አይተዋል፤ ቀና ብሎ ታርጋውን ለማየት የደፈረ ግን የለም። እናቱ አዴ ዲንቄ ወደ ቢሮዎ ቢመጡ፣ «የቅርብ ጊዜ ፎቶ ያምጡና እንፈልግልዎ» ተባሉ። ምን ያለ አሠራር ነው! እጃቸው ላይ ያለው የስምንተኛ ክፍል ፎቶው ነው፤ ያኔ ጠባሳው አልነበረም። የቅርቡ ያለው እርስዎ መሳቢያ ውስጥ ነው። ይህንኑ ብናስረዳ ደግሞ፣ ካሜራው የሚለቀቀው ፎቶው ላይ ያለው ሰው ራሱ ቀርቦ ሲፈርም ነው ተባልን።

፫. አዴ ዲንቄ በየጠዋቱ የሚቀመጡባትን የደጅዎን ድንጋይ ስላላስነሱብን ውለታዎ አለብን። ትናንት «ሙጫን ኮ ማል ጎዼ?»፣ ልጄ ምን አደረገ፣ ብለው ሲጠይቁት ዘበኛዎ ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ። እሱም ልጅ ሳይኖረው አይቀርም።

ስብሰባዎ በሰላም እንዲጠናቀቅ፣ ወገብዎም እንዲጠና እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

በየሳምንቱ የሰፈር ወሬ የምለቃቅመዋ፣
አረጋሽ

ማስታወሻ፦ ያልገዛሁት ካሜራ ከድሩ ዘንድ ቀርቷል፤ ሰዎችዎ አልጠየቁትም። ትናንት ከፍተን አየነው። ፊት እንደሚውጥ ነግሬዎታለሁ። ከነገሳ ጀርባ ግን፣ ከመንገዱ ማዶ ፀሐይ ላይ፣ አንዲት ፒካፕ ቆማለች፤ በመስኮቷም አንድ ሰው ወደ እኛ ያያል። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ የመኪናዋን ቀለም መለየት አልቻልንም። ታርጋዋ ግን ቁጥር በቁጥር ይነበባል፤ አሥራ አንድ ቀን ደጅዎ ስንቀመጥ ግቢዎ ውስጥ አይተን በቃላችን የያዝነው ቁጥር ነው። ፎቶውን አሳጥበን ሰበታም ሱሉልታም ዘመድ ቤት አስቀምጠናል። አንዱን አዴ ዲንቄ ነገ ጠዋት ይዘውልዎ ይመጣሉ። የቅርብ ጊዜ ፎቶ ነው።