ላልቶ ወይስ ጠብቆ

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12
ከእናትሽ የስፌት ክፍል

ለልጄ ለሚጡ፣

እንዴት ነሽ የኔ ልጅ? ብርዱ ለቀቅ አድርጎኛል ብለሽ ስለጻፍሽ ደስ ብሎናል። እናትሽ ግን አላመነችም፤ ሹራቡን ጨርሳ ልካልሻለች። አንገቱ ትንሽ ቢይዝሽም ዝም ብለሽ ልበሺው። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ተሽሎኛል፣ ንዴቴ እንደነበረ ነው።

ፊልምሽን አየነው። ኮምፒውተሩን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ፣ ጨርቁን ገፋ አድርገን አስቀመጥንና ጎን ለጎን ተቀምጠን አየን። አስተያየት የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ፣ እንግዲህ ቻዪው። አባት ሆኖ የሚጫወተው ሰውዬ ቤት ውስጥ ክራባት ያስራል። የትኛው አራሚ ነው ማተሚያ ቤት ውሎ ገብቶ በክራባት ራት የሚበላው? የዳቦ ቤቱን ማስታወቂያ መንገድ ላይ ቆሞ ሲያርም ደግሞ በጣም ይጮኻል።

«እኔ እንደዚህ እጮኻለሁ?» አልኳት እናትሽን።

«ኧረ ልጅህ ቀንሳልሃለች» አለችኝ፣ ዓይኗን ከፊልሙ ሳትነቅል።

የፊልሙን ልጅ ግን ወደድኳት። ከእናቷ የስፌት መኪና ሥር ተቀምጣ በፔዳሉ ምት የ«ጓሮ ልጆች» ባንድን ዘፈን ስትዘፍን፣ ግድግዳዋን በባንዱ ፎቶ ስትሸፍን፣ ደንበኛ ያልወሰደውን ቀሚስ ለብሳ በስፌት ክፍሉ መስኮት ወደ ኮንሰርቱ ስትሾልክ። የዚያ መስኮት መዝጊያ ለምን እንደማይገጥም ይኸው ከስንት ዓመት በኋላ ገባኝ።

የዘፈኑን ነገር ታውቂዋለሽ። «ቀኔ ቢቀደድ ልቤ ሰፊ ነው» ይላል። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ «ሰፊ»ን አላልተሽ ነው የምትዘፍኚው፣ ልብስ ሰፊ እንደምንለው። የልብስ ሰፊ ልጅ ምን ታድርግ። እኔ ደግሞ በሰማሁ ቁጥር «ጠብቆ ነው! እንደ ሰፊ ሜዳ፣ ሰፊ ግቢ!» እያልኩ አንገሽግሼሻለሁ። ፊልሙ ውስጥ ልጅቷ እስከ መጨረሻው አላልታ ትዘፍናለች፤ ማንም አያርማትም፣ ያ ክራባታም አባቷ እንኳ። ይህን ሳይ እጄ ብዕር ፈለገ።

ወደ ላክሽኝ ጉዳይ ልምጣ። የግጥሙ ደራሲ የፈቃድ ፊርማ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልደረሰኝ ዘፈኑ ይወጣል፣ ዘፈኑ ከወጣ ፊልም የለም ብለሽ ነበር። ማክሰኞ ወደ ደራሲው ወደ ጢሞ ሄድኩ። አሁን የመነጽር ሱቅ አለው። ጢሙን ከተላጨ ቆይቷል፣ ስሙን ግን የሚላጭለት አላገኘም። የላክሽለትን ፊልም አይቶ ጠበቀኝ።

«ልጅህ ጎበዝ ናት» አለኝ። «ግን ልብስ ሰፊ አደረገችኝ እኮ።»

«ልብዎን ነው እንጂ እርስዎን አይደለም፣ ጋሼ።»

«ያው ነው ወንድሜ፣ ሰው ይስቅብኛል። መጨረሻ ላይ አባትየው ያርማት። ‹የኔ ልጅ፣ ጠብቆ ነው› ይበላት፣ አሁኑኑ እፈርማለሁ። አንተ ራስህ አራሚ ነህ አሉ፤ ይሄ ይጠፋሃል?»

ሚጡ፣ ሰውዬው የጠየቀኝ እኔ ስለው የኖርኩትን ነው። እሺ ብል ፊርማው ኪሴ ገብቶ ነበር። ግን ልጅቷ ታየችኝ። መድረኩ ፊት ቆማ፣ ያን ሰፋ ያለ ቀሚስ በመርፌ ቁልፍ ይዛ፣ ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ስትዘፍን፣ ያ ክራባታም መጥቶ «ጠብቆ ነው» ሲላት። ደሜ ፈላ።

«አትታረምም» አልኩት።

«ለምን? ስህተት ነዋ።»

«እስኪ ስንኙን ሙሉውን ይበሉልኝ።»

«ቀኔ ቢቀደድ ልቤ ሰፊ ነው።»

«ቀን ከተቀደደ በኋላ ስፋት ምን ያደርጋል? ለተቀደደ ነገር የሚያስፈልገው ማን ነው?»

አስቤበት የሄድኩበት ክርክር አይደለም፤ ንዴት ነው ያመጣው። ቃሏን ብቻ ሳሳድድ ኖሬ ስንኙን ጆሮ ሰጥቼ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ጢሞ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ አንዴ አጥብቆ፣ አንዴ አላልቶ። ይሄኔ ሚስቱ ከመደርደሪያው ጀርባ፣ የምትቆጥረውን ፍሬም እንደያዘች ብቅ አለች።

«ምን ያከራክራችኋል? ልብስ ሰፊ አይደለም እንዴ?»

«አንቺም?» አለ ጢሞ።

«እኔማ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምሰማው። ደግሞስ አንተ መቼ ነው ልበ ሰፊ ሆነህ የምታውቀው?»

እኔ አልሳቅኩም፤ ፊርማ እየጠበቅኩ ነበር። እሱ ግን ሳቀ፣ ከዚያ ፈረመ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታገኚዋለሽ። ፊልሙ እዚህ ሲታይ ለሱና ለሚስቱ ከፊት ወንበር ያዢላቸው፤ አደራ ብሏል።

ለእናትሽ ስነግራት መኪናዋን አቆመች።

«አላልተህ ተከራከርክላት?»

«ስንኙ ያስገድዳል» አልኳት።

«እሺ፣ ስንኙ» ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ፊቷን አላየሁትም፣ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ምሽቱን ፊልምሽን እንደገና አየነው። ዛሬም ከራት በፊት እናያለን መሰለኝ፤ እሷ የቀሚሱን ስፌት ማየት እፈልጋለሁ ትላለች፣ እኔም አብሬ አለሁ።

የቀረው፣ ለውጭ ተመልካች ከሥር ስለሚጻፈው ትርጉም የጠየቅሽኝ ነው። በእኛ ፊደል ጣጣ የለውም፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ስለሚጻፍ ሁሉም እንዳሻው ያነበዋል። በእነሱ ቋንቋ ግን አንዱን መምረጥ አለብኝ ብለሻል። ልብስ ሰፊ ብለሽ አስጽፊው። ተርጓሚው ከተከራከረሽ ስልኬን ስጪው።

የጀመርሽው ይቃናልሽ። አብረውሽ የሚሠሩ ሰዎች ቅን ይሁኑልሽ፣ ማታ ስትገቢ ቤትሽ ሞቅ ብሎ ይጠብቅሽ። በርቺ የኔ ልጅ።

አባትሽ