ሙሽራውን መንገድ ላይ ያወረድኩበት ቀን

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ለታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ትከሻሽስ እንዴት ሆነ? ባለፈው በስልክ ድምፅሽ ደከም ብሎብኝ ነበር። «ምንም አልሆንኩም» ብትዪኝም አላመንኩሽም፤ ሲያምሽ የምትስቂ ሰው እንደሆንሽ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? አባባስ ጉልበቱ ሻል አለው? አሁንም ከዘራውን እቤት ጥሎ እየወጣ ያስቸግርሻል? ጋሼስ ሥራው እንዴት ነው? ልጆቹስ አደጉ? እኛ እንዳለን አለን። ጥርሱን የሚያመው የለም፣ ያኮረፈም የለም፤ ለእኛ ቤት ደግሞ ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ።

ብዕር ያነሳሁት በስልክ የማይሆን ወሬ ስላለኝ ነው። በስልክ ብጀምርልሽ አንቺ ከመሃል ትስቂያለሽ፣ የአንቺን ሳቅ ስሰማ እኔም እስቃለሁ፣ ወሬው ሳያልቅ መስመሩ ይቆረጣል። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ በእርጋታ አንብቢው።

አሮጌዋ መኪናችን ሞተች። ጋራዥ ድረስ አስጎትተን ወሰድናት። መካኒኩ ኮፈኗን ከፍቶ ውስጧን ጎንበስ ብሎ አየና፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «እግዜር ያጽናችሁ» አለን። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። አንቺ ከሠርጋችን ጀምሮ «ሙሽራው» እያልሽ የምትጠሪው ባለቤቴ ግን የእውነት ሐዘን የደረሰበት ይመስል፣ በመስኮቷ እጁን አስገብቶ መሪዋን ዳሰስ አደረገና ወደኋላው ሳያይ ሄደ።

የዐይኑን ነገር ታውቂያለሽ። ያን ሁሉ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ፣ ሐኪሙ «ከፊት ያለውን ታያለህ፣ ከጎን የሚመጣውን ግን አታይም፤ ከእንግዲህ መሪ እንዳትጨብጥ» ካለው ወዲህ መሥሪያ ቤቱ ወደ ስምሪት ክፍል አዛውሮታል። አሁን ሥራው ሌሎቹን ሹፌሮች ጠዋት መላክ፣ ማታ መቀበል ነው። አፍ አውጥቶ አይናገርም እንጂ ማታ ሲገባ ፊቱን አይቼ አውቅበታለሁ። እኔም በዚህ ዕድሜዬ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በእሱ ዐይን ምክንያት ነው። ቀኑን ሙሉ መጋረጃ ስሰፋ የምውል ሴት፣ የማውቀው መኪና የስፌት መኪና ብቻ ነበር። ነድቼ በገባሁ ቁጥር ሸሚዜ ከጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነው የምወርደው።

እና አንድ ማታ ምን ዓይነት መኪና እንግዛ ስንባባል፣ ልጃችን አንዲት ትንሽ፣ ነዳጅ የማትበላ፣ ጨዋ መኪና መርጣ በስልኳ አሳየችን። ሁላችንም ተስማማን። ሙሽራው ብቻ ሳህኑን እያየ «ከመግዛታችን በፊት አንድ ቀን ስፖርት መኪና ብንሞክርስ?» አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ ሰነፍ አውቶቡስ ላይ ሆኜ ስፖርት መኪና ሲቀድመኝ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ውስጡ ተቀምጬ ሌላውን ብቀድም ምናለበት?» አለን። አማቴ ጉርሻቸውን ሳይውጡ «ታዲያ ማን ሊነዳልህ ነው?» ብለው ጠየቁት። እትዬ፣ ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ!

እምቢ እንዳልል አንጀቴ አልቻለም። ቅዳሜ ዕለት ልጃችን ለፈተና ልታጠና ቀረች፣ እኛ ሦስታችን ወደ መኪና መሸጫው ሄድን። አማቴ «እኔ የማልገባበት መኪና እዚህ ቤት አይገባም» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ቀድመውን ታክሲ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። መሸጫው ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ነው። ወለሉ ከማብረቅረቁ የተነሳ አማቴ ውኃ የፈሰሰበት መስሏቸው ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ሽቶው ቀድሞት የሚመጣ ወፍራም ሻጭ ተቀበለንና በቀጥታ ለሙሽራው ስለ ሞተር፣ ስለ ቱርቦ ማውራት ጀመረ። ወደ እኔ ዞር ያለው «እናቴ፣ እዚያ ጋ መቀመጫ አለ» ሊለኝ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ያቀረበልን አንዲት ቀይ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ መሬት ልትልስ የደረሰች መኪና ነበረች። ቁልፉን ለሙሽራው ዘረጋለት። ሙሽራው ተቀበለው፤ መዳፉ ላይ አድርጎ ትንሽ አየው። ከዚያ ለእኔ ሰጠኝና «ሹፌሯ እሷ ናት» አለ። ሰው ፊት እንዲህ ብሎኝ አያውቅም ነበር። አማቴ በመስኮቷ አንገታቸውን አስግገው «ይሄ መኪና ነው አልጋ? ተኝታችሁ ነው የምትሄዱት?» አሉና ሻጩ ጋ ቀሩ። እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ ከማለት ወደቅሁ ማለት ይሻላል። ሞተሯ ስታገሳ እኔ በፍርሃት እግሬን አነሳለሁ፤ በዚያች ሰፈር ውስጥ እንደ ሰልፈኛ እየተጎተትን ዞረን ስንመለስ አንድ ባለብስክሌት ቀደመን። ሙሽራው የቀደመው ሰው የለም ማለት ነው።

ሁለተኛዋ ሰማያዊ፣ ባለ ማርሽ ነበረች። እሷስ አሳፈረችኝ። መብራት ላይ ፍሪሲዮኑን ስለቅ ደጋግማ ጠፋችብኝ፤ ከኋላዬ የክላክስ መዓት! ሙሽራው ደግሞ አጠገቤ ሆኖ «ቀስ… ቀስ በይ… አሁን! አሁን እኮ ነው ያልኩሽ!» ይላል። እጁ ማርሹ ላይ ካለው እጄ ላይ ነው፤ እግሩ ፍሬን በሌለበት ወለል ላይ ይረግጣል። ስወርድ ቁልፉን ለሻጩ ዘርግቼ «በቃ፣ ወደ ቤት እንሂድ» አልኩ። ሻጩም ደስ ያለው ይመስለኛል፤ አማቴ ናቸው «እኔ እኮ ገና አልሞከርኩም» ያሉት።

ለእሳቸው ሲባል ሦስተኛዋ መጣች። ግራጫ ናት፤ ከሩቅ ስታያት የቤተሰብ መኪና ትመስላለች፣ አራት በር አላት፤ ማርሿን ራሷ ነው የምትቀይረው። ሻጩና አማቴ ከኋላ፣ እኔና ሙሽራው ከፊት ሆነን ከከተማው ግርግር ወደሚያስወጣው ሰፊ መንገድ ወጣን። መንገዱ ጭር ያለ ነበር። ሙሽራው ግን አላረፈም። «ፍሬቻ! ስፖኪዮ እዪ! ወደ ቀኝ ተጠጋሽ!» ቆይቶ ደግሞ አንዲት ድመት፣ ያውም ከአጥር ላይ ያልወረደች ድመት አይቶ «ፍሬን! ፍሬን!» ብሎ ጮኸ።

እትዬ፣ ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም። ፍሬቻ አሳየሁ፣ ዳር ያዝኩ፣ የእጅ ፍሬን ሳብኩ። «ሹፌሯ እኔ ነኝ ወይስ አንተ ነህ?» አልኩት። «እኔ ከሆንኩ ዝም በል። ዝም ማለት ካቃተህ ውረድ።» ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። እሱ ትክ ብሎ አየኝ። ቀበቶውን ፈታ፣ ወረደ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ። ይቅርታ የሚለኝ ወይ የሚቆጣኝ መስሎኝ እጠብቃለሁ፤ እሱ መንገዱ ዳር ካለ ዛፍ ሥር ሄዶ ቆመ። ልከተለው በሩን ስከፍት አማቴ ከኋላ ትከሻዬን ነካ አድርገው «ዝጊና ንጂ፣ ልጄ። እሱ እግር አለው» አሉኝ። የገዛ ልጃቸውን እኮ ነው!

ነዳሁ። መጀመሪያ የተናደድኩ መስሎኝ ነው ነዳጁን የረገጥኩት። መኪናዋ ጀርባዬን ከወንበሩ ጋር አጣብቃው ተፈተለከች። ዛፎቹ እንደ መጋረጃ ጥለት ተያይዘው በጎኔ አለፉ። «አሁን!»፣ «ቀስ በይ!» የሚለኝ ማንም የለም፤ ሳይነገረኝ ግን እጄ መሪውን፣ እግሬ ፍሬኑን ያውቀው ነበር። አደባባዩ ጋ ስደርስ በልኩ ቀነስኩ፣ ዞርኩ፣ ስወጣ ደግሜ ሰጠኋት። እየሳቅሁ እንደነበር ያወቅሁት አማቴ «ምን ያስቅሻል? ጨምሪ!» ሲሉ ነው። ሻጩ ከበሩ በላይ ያለችውን እጀታ በሁለት እጁ ይዞ ስለ ቱርቦ ማውራቱን ትቶታል። ሙሽራው በቆመበት በኩል ሳልፍ አላቆምኩም። እልህ አልነበረም እትዬ፣ ስላልጠገብኩ ነው። አንዴ ደግሜ ዞርኩ።

ስመለስ አኩርፎ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር። በሩን ከፍቶ ገና ሳይቀመጥ ጀመረ። «ከማየቴ በፊት ሞተሩን ሰማሁት። ከአደባባዩ ስትወጪ ነዳጅ አሰጣጥሽ ጥሩ ነው» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከውጭ ሆኜ ስትነጂ አይቼሽ አላውቅም እኮ። ሁልጊዜ አጠገብሽ ነኝ፤ የማየው መንገዱን ነው። አብረውኝ የነዱትን ሁሉ ሳስባቸው እንዳንቺ መሪ ላይ የሚያምርበት ትዝ አይለኝም» አለ። እኔ ዐይኔ እንባ ሞላ። እሱም ይሄን ሲያይ ቶሎ ብሎ «ፍሬቻውን ግን ቸኩለሽ ነው ያጠፋሽው» ጨመረበት። ተሳሳቅን። በሠርጋችን ቀን እንኳ እንደዚያ ቀን አላየኝም ብልሽ ውሸት አይሆንም።

ሻጩ እጀታውን ለቆ «ታዲያ የትኛዋን ወደዱ?» ብሎ ሙሽራውን ሲጠይቀው «ሹፌሯን ጠይቃት» አለው። እኔም ግራጫዋን አልኩ። አዲሷን እንኳ አልቻልናትም፤ ያንኑ ዓይነት፣ ሌላ ሰው በእንክብካቤ የያዛትን አፈላልገን ገዛን። አማቴ ጭንቅላታቸው ጣሪያ ስላልነካ መርቀዋታል። ልጃችን ከሥራ ስመለስ ከደጅ ቆማ አየችኝና «እኔ ያበደው አባዬ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እማዬ ናት» አለች።

የሙሽራው ሐዘን ጨርሶ ለቀቀው አልልሽም። አንዳንድ እሑድ መኪናዋን ሲያጥብ ይቆይና የሹፌሩ ወንበር ላይ ገብቶ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። እኔ በመስኮት አየዋለሁ፤ ሲገባ ግን እንዳላየሁ ሆኜ ውኃ አቀብለዋለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ዝናብ ነበርና ሥራ ላደርሰው ይዤው ወጣሁ። ጎማው ሲንሸራተት ተሰምቶኝ አሁን ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ፤ ዝም። መብራት ላይ ቆሜም ዝም። ደግሞ በምን አስቀየምኩት ብዬ ዞር ስል፣ እትዬ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ይሄ ሰውዬ ሰው በሚነዳው መኪና ውስጥ ዐይኑን ከድኖ አያውቅም። እጆቹ ጭኑ ላይ እንደ ሕፃን እጅ ተዘርግተው ነበር። መብራቱ ሲለቅ ነዳጁን በእግር ጣቶቼ ጫፍ ብቻ ነካሁት። መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ደርሼም አልቀሰቀስኩትም፤ መጥረጊያውን አጥፍቼ፣ ዝናቡ መስታወቱን ሲሸፍነው እያየሁ፣ በራሱ ጊዜ እስኪነቃ ጠበቅሁት። የዚያን ዕለት ስምሪት ክፍል ያረፈደው በእኔ ጥፋት ነው።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ጋሼን አክብራ ሰላም ብላሃለች በይልኝ፤ የላከልን ፎቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ትልቋን ልጅሽን «አክስትሽ ኮራችብሽ» በያት፤ ትንሹን ጉንጩን ነክሰሽ ሳሚልኝ። ልጃችን ስማሻለች። አማቴም «ያቺን ሳቂታ ሰላም በያት፣ ትከሻዋንም በሙቅ ውኃ ታሽ» ብለዋል። ሙሽራው ደግሞ አጠገቤ ቆሞ «ያወረድሽኝን ነገር ጻፍሽላት ወይ?» እያለኝ ነው፤ አልጻፍኩም ብዬዋለሁ፣ እንዳታሳጪኝ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከቤታችን፣ ከስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ ላይ
ሐሙስ፣ ሐምሌ ፲፩ ቀን