ልጃችን የቀረችበት ሻምፒዮና

ታድዬ፣

አንተ ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ዛሬ ስካርቦሮ ውስጥ ሰው ሁሉ ጃኬቱን ከፍቶ ነው የሚሄደው፤ በረንዳችን ላይ ተቆልሎ የነበረው በረዶም ቀልጦ አልቋል። ስንት ጊዜ ልጽፍልህ ተቀምጬ ተነሳሁ መሰለህ። ዛሬ ግን የምነግርህ ነገር ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ አለኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሊፍቱ ተሠራ። አዎ፣ ያ አንተ የግሮሰሪ ዕቃ ተሸክመህ ደረጃውን በወጣህ ቁጥር የምታማርርበት ሊፍት። ወፍራሙን ጃኬትህን ከአገር ቤት አዲስ ለመጣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሰጠሁት፤ ልክክ አለለት። እኔ ደግሞ አራት መቶ አንድ አውራ ጎዳና ላይ መንዳት ጀምሬያለሁ። አትሳቅ። ሃይዌይ ስንገባ ዓይኗን የምትጨፍነው ሚስትህ፣ ዛሬ በረዶ እየጣለ የጭነት መኪና ቀድማ ታልፋለች። የጀመርኩት ለልጃችን ለሊዱ ብዬ ነው። አንተ ሳትኖር ሌላ ማን የበረዶ መንሸራተቻው ሪንክ ያደርሳታል?

የምጽፍልህም ስለ እሷ ነው።

ሊዱ ጃንዋሪ ላይ በአገር አቀፉ ውድድር ሁለተኛ ወጣች። በፊገር ስኬቲንግ፣ ከመላው ካናዳ ሁለተኛ! ያኔ ያገለገለ የበረዶ ጫማ ገዝተህ ስታመጣላት “ይሄ የሀብታም ልጆች ጨዋታ ነው፣ ተው” ያልኩህ ትዝ ይልሃል? ፌዴሬሽኑ ለሁለት ትልልቅ ውድድሮች መረጣት። አንዱ ፌብሩዋሪ ላይ እስያ ውስጥ የሚደረገው የአህጉራት ሻምፒዮና ነው፤ ሌላው ማርች ላይ አውሮፓ የሚደረገው የዓለም ሻምፒዮና። ፓስተራችን መድረክ ላይ ቆመው ሲናገሩ አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እኔ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ አለቀስኩ፤ ያንተ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦበት ነበር።

ከዚያ ዜና መጣ። የጃፓኗ ሻምፒዮን ወደ አህጉራቱ ውድድር እንደማትሄድ ተናገረች። አሜሪካዊቷም ቀረች። የእኛው አገር አንደኛም “እኔም አልሄድም” አለች። ይህን ጊዜ የስካርቦሮ ሰው ሁሉ የስኬቲንግ አዋቂ ሆነልህ። ስልኬ እረፍት አጣ። “ጎበዞቹ ከቀሩማ ሜዳሊያው የሊዲያ ነው!” ይሉኛል። እኔም፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ሜዳሊያውን የት እንደምሰቅለው ሳሎኑን ሳይ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ወዳጅህ ጋሽ መኮንንና ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ምሳ እኛ ዘንድ በሉ። ሊዱ ሳህን እያነሳች፣ ልክ ስለ አየሩ እንደምታወራ ሰው፣ “እኔም አልሄድም” አለች።

ጋሽ መኮንን የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ። “ምን ማለትሽ ነው? የተጠራ ሰው ይቀራል እንዴ?”

“ጋሼ፣ ቶፕ የሆኑት ለምን የሚቀሩ ይመስልዎታል?”

“ንቀው ነዋ!”

ሳቀች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና በዚያ ግማሹ እንግሊዝኛ በሆነ አማርኛዋ ታስረዳቸው ጀመር። “ጋሼ፣ ቦዲ ዓመቱን ሙሉ ፒክ ላይ አይቆምም። አንዴ ነው ጫፍ የሚደርሰው። እኔ ማርች ላይ እንዲደርስ ነው የምፈልገው። አሁን እስያ ብሄድ፣ በረራው አለ፣ ቀንና ሌሊቱ ይገለበጥብኛል፣ ተመልሼ እንቅልፌ እስኪስተካከል ትሬኒንጉ ያልፋል። ስወድቅ ብጎዳስ? ዋናው ውድድር ሄደ ማለት ነው።”

“ታዲያ የሚሄዱት ሞኞች ናቸው?” አሉ።

“ኖ! የሚሄዱትም ሪዝን አላቸው። አንዷ የዓለም ደረጃዋን ከፍ የሚያደርግ ነጥብ ትፈልጋለች። አንዷ በአገሯ ውድድር ላይ ወድቃ ነበር፤ ከትልቁ ቀን በፊት አንድ ጊዜ ሳትወድቅ ጨርሳ ልቧን መመለስ ትፈልጋለች። ሌላዋ ሙዚቃዋን ቀይራለች፤ ዳኞቹ ቀድመው እንዲያዩላት ነው። የሄደ ሁሉ ደፋር፣ የቀረ ሁሉ ፈሪ አይደለም።”

ጋሽ መኮንን ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። “ልጄ፣ ሜዳሊያ ሜዳሊያ ነው። ማን እንደቀረ ሜዳሊያው ላይ አይጻፍም።”

የእኔም ልብ ከእሳቸው ጋር ነበር። እንግዶቹ እንደሄዱ ሊዱ ሳህን ስታጥብ አጠገቧ ቆምኩና “አባትሽ እኮ አንድ ቀን ከሥራ ቀርቶ አያውቅም” አልኳት።

ቧንቧውን ዘጋችው። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ “አውቃለሁ፣ ማሚ” አለች። “ያን ቀንም አልቀረም። ደረቱን እያመመው ነው የሄደው። አባዬ አንድ ቀን፣ ጀስት አንድ ቀን ቢቀር ኖሮ…”

አልጨረሰችውም። እኔም ጨርሺው አላልኳት።

ታድዬ፣ ይህን የምነግርህ ልወቅስህ አይደለም። አንተ ብየዳ ቤቱ ትሄድ የነበረው ለእኛ ብለህ ነው፤ ይህን እኔም ልጅህም እናውቃለን። ግን ያን እሑድ ልጅህ ካንተ ምን እንደተማረች ገባኝ። ብርታትህን ወስዳለች፤ አንተ ያልቻልክበትን ደግሞ ራሷ ጨምራበታለች።

ሊዱ ወንበር ላይ ተቀመጠችና የቀኝ እግሯን ካልሲ አወለቀች። ቁርጭምጭሚቷ አብጧል። እኔ እንደምታውቀው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሰው እግር ስነካ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ገና እጄን ሳሳርፍበት ትኩሳቱ ተሰማኝ። ሐኪም አይቶታል፤ አጥንቱ ደህና ነው፣ ጅማቱ ነው የተቆጣው፤ ካረፈ ይድናል ብሏታል። ከዝላይ የምታርፈው በዚያ እግር ነው። ሙሉውን ፕሮግራም በዚያ እግር ጨርሳ ነው ሁለተኛ የወጣችው፤ እናቷ እንኳ ሳላውቅ!

“ቅሪ” አልኳት። “ማንም ምንም ይበል፣ ቅሪ።”

መቅረቱ ግን እንዲሁ በነጻ አልነበረም። አሰልጣኟ ሔለን ከፌዴሬሽኑ ጋር ከተነጋገረች በኋላ ኮል አደረገችልን። መቅረት ትችላለች፤ ነገር ግን ወደ ዓለም ሻምፒዮና የምትሄደው ደህና መሆኗን በሰዎቻቸው ፊት ካሳየች ብቻ ነው። ሙሉውን ፕሮግራም፣ አንድ ጊዜ። ካልሆነላት ሌላ ሰው ይሄዳል። ስለዚህ ልጅህ በእጇ የነበረውን ሜዳሊያ ትታ፣ ገና ያልያዘችውንም ለአደጋ አጋልጣ ነው የቀረችው። ከዚያ ወዲህ ማንም “ፈርታ ነው” ሲለኝ እስቃለሁ።

በእሷ ፋንታ ኤሚሊ ሄደች፤ እዚሁ ሪንክ ውስጥ አብራት ያደገችው ጓደኛዋ። ለኤሚሊ መሄዱ ነበር የሚበጃት፤ ትልቅ ውድድር ላይ ቆማ አታውቅም። ሄዳም ሦስተኛ ወጣች፤ በዚያው ለዓለም ሻምፒዮናውም ተመረጠች። ሊዱ ስልኩ ላይ በደስታ ስትጮህላት ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። ከዚያ ስልኩን ዘጋችና ክፍሏ ገባች። ልጅ ናት፣ ከፋት። “ያ ሜዳሊያ እኮ የሊዲያ ነበር” የሚል መልእክት እኔ ስልክ ላይ እየተንጋጋ ነበር፤ አንዱንም አላሳየኋትም። እንቁላል በቃሪያ ጠብሼ፣ አንኳኩቼ፣ ሰጥቻት ወጣሁ። ሳህኑን ባዶ አድርጋ መለሰችው።

መጀመሪያ ላይ ዝላይ የሚባል ነገር አልነካችም። ዋና ትሄዳለች፣ እግሯን በላስቲክ እየሳበች ታጠነክራለች፣ እኔ ማታ ማታ በረዶ እይዝላታለሁ። ከዚያ ቀስ እያለች ተመለሰች። መጀመሪያ አየር ላይ አንድ ዙር፣ ቀጥሎ ሁለት፣ በመጨረሻ ሦስቱን። እብጠቱ እንደጠፋ ያየሁ ጠዋት መኪና ውስጥ ብቻዬን ዘምሬ ሥራ ገባሁ።

የፌዴሬሽኑ ሰዎች ዌስተን አካባቢ ወዳለ ሪንክ መጡ። ባዶ አዳራሽ፣ ሦስት ሰዎች ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ ሔለን፣ እኔ። አንተ ሁልጊዜ የምትቆምበት ቦታ፣ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ለምን እዚያ ትቆም እንደነበር ያን ቀን ገባኝ፤ ስትወጣ መጀመሪያ የምታየው አንተን እንዲሆን ነው።

መሃል ላይ ወደቀች። ከዝላይ አይደለም፤ እንዲሁ በእርምጃ መሃል ተደናቅፋ። ተነስታ ሙዚቃውን ሮጣ ደረሰችበትና የቀሩትን ዝላዮች ሁሉ ዘላ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብላ አረፈች። ሰዎቹ ፊታቸው አይነበብም፤ አመስግነው ሄዱ። በማግስቱ ሥራ ቦታ፣ አንዲት አሮጊት ቁርስ እያበላሁ ሳለ ሊዱ ደወለች። “ማሚ፣ ልሄድ ነው!” ብቻ ነው ያለችው። ማንኪያውን ይዤ ስዘል አሮጊቷም አብራኝ አጨበጨበች።

አሁን ወደ ዋናው ልግባልህ።

ረጅሙ፣ አሸናፊ የሚለይበት ፕሮግራም ዓርብ ነበር፤ እዚያ ምሽት ሲሆን እዚህ ከሰዓት። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልታመም ከሥራ ቀረሁ። ጋሽ መኮንንና እትዬ አልማዝ መጡ። ጋሽ መኮንን መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሊዱ ቀደም ብሎ በተደረገው አጭሩ ፕሮግራም አምስተኛ ነበረች። በዚህ ጊዜ የቀረ የለም፤ ጃፓኗም፣ አሜሪካዊቷም፣ አውሮፓውያኑም፣ ዓለም ያላት ሁሉ እዚያ ነበር።

አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። ሙዚቃው ሲጀምር እትዬ አልማዝ እጄን ያዙ። የመጀመሪያው ዝላይ፤ አየር ላይ ዞራ ዞራ እንደ ላባ አረፈች። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ጋሽ መኮንን ሳይታወቃቸው ቆመዋል። ፕሮግራሙ እየገፋ ሲሄድ ሌሎቹ ልጆች ሲደክሙ ነበር ያየነው፤ የእኛዋ ግን ይባስ ፈጠነች። ያረፈ ሰው እንዲህ ነው ለካ! የመጨረሻው ዝላይ ላይ፣ በዚያው በቀኝ እግሯ፣ አረፈች። እግሯ ጸናላት። ታድዬ፣ እግሯ ጸናላት! ሙዚቃው ሲያልቅ ሕዝቡ ተነሳላት፤ እሷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ እኛ ሳሎን ውስጥ ያደረግነውን ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ።

ከእሷ በኋላ የሚወጡ አራት ልጆች ነበሩ። አንዷ ወደቀች፣ ከሊዱ በታች ሆነች። አሜሪካዊቷ አለፈቻት። ሌላዋ መጣች፣ በጥቂት ነጥብ ከታች ቀረች። ጃፓኗ ወጣችና ዓይን የሚያፈዝ ነገር አሳየች፤ ወርቁ የሷ ሆነ፣ ይገባታልም። የእኛዋ ሦስተኛ። ከዓለም ሦስተኛ! ኤሚሊም ዘጠነኛ ወጣች፤ ደርሳበት የማታውቀው ደረጃ ነው። እንግዲህ አየህ፣ አንዷ ሄዳ በቃች፣ አንዷ ቀርታ በቃች።

ጋሽ መኮንን እንባቸውን ጠርገው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? “እኔ ድሮም ትቅር ብዬ ነበር።” እትዬ አልማዝ ሳቅ አንቆ ሊገድላቸው ነበር። እኔም የልጄ እናት ነኝና፣ “አዎ፣ ብለው ነበር” አልኳቸው። እንዲህ ባለ ቀን ማን ከማን ጋር ይሟገታል?

ሽልማቱ ሲሰጥ መብራቱን አደበዘዙት። ሦስቱ በረዶው ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። መድረክ መሪው ስማቸውን ይጠራ ጀመር። “ከካናዳ፣ ሊዲያ ታዴሲ” አለ። ጋሽ መኮንን ቴሌቪዥኑን “ታደሰ በል እንጂ! ታ-ደ-ሰ!” ብለው ጮኹበት። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነበር። በዚያ ትልቅ አዳራሽ፣ እግርህ ረግጦት በማያውቅ አገር፣ ስምህ ተጠራ። ሰሌዳው ላይ ከልጅህ ስም ቀጥሎ በትልቁ ተጻፈ። የማያውቅህ ሁሉ አጨበጨበልህ። እሷ ስትሰማው ቀና ብላ ወደ መድረኩ ወጣች።

ሰው ከሞተ በኋላ እሱን ማስታወስ የሚስቱ ሥራ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ሌላው ሰው ቀስ በቀስ እየረሳህ፣ እኔ ብቻዬን የምቀርበት ሥራ። እንዲያ አልሆነም። ልጅህ በቆመችበት ሁሉ ስምህ አብሯት ይቆማል። በጌታ እቅፍ ሆነህ ይህን ታያለህ ብዬ አምናለሁ። እነሱ አጣመው ይጥሩህ፣ ግድ የለም፤ እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ በየቀኑ፣ በትክክል እጠራሃለሁ።

ታደሰ። ታድዬ።

ያንተው ሂሩት